ለሽያጭ የቆመችው አረንጓዴ ፖንቲያክ

ሬሳውን ያገኘው መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ነው።

ኬንት ሻፈር ይባላል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ከኢንዲያና ተነስቶ፣ የመኪና መጫኛ ተጎታች ከፒክአፑ ኋላ አስሮ፣ እኛ ከተማ ሜርዌን ድረስ መጣ። የቨርጂል ዱፍሬንን በር ደጋግሞ አንኳኳ፤ መልስ የለም። ወደ ጋራዡ ዞረ። መዝጊያው እስከ ወገብ ድረስ ተነስቶ ስለነበር ጎንበስ ብሎ ገባ።

«መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው» አለኝ በኋላ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ። «መኪናዋን ማለቴ ነው። ዙሪያዋን ሁሉ ዞርኩ። ሰውዬውን ያየሁት ከዚያ ወዲያ ነው።»

አልፈረድኩበትም። እኔም ስገባ ዓይኔ የቀደመው ወደ እሷው ነው። የ1968 ፖንቲያክ ጂቲኦ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት በር፣ ኮፈኗ አልጋ የሚያክል። በሚሺጋን እንዲህ ያለች መኪና ስታልፍ ሽማግሌው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ በዓይኑ ይሸኛታል። የፊት መስታወቷ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለሽያጭ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ቨርጂል ከፊት ጎማዋና ከሥራ ጠረጴዛው መሃል በጀርባው ተጋድሟል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ከመኪና ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሰው። ጠረጴዛው ላይ የተበየደው ብረት መንከሻ፣ የሞርሳው ጠርዝ፣ ደም ነክቶታል። ቦርሳው ኪሱ ውስጥ ነው። መፍቻዎቹ በየቦታቸው ተሰቅለዋል።

ጭንቅላቱ ሥር ጃኬት ተጣጥፎ ገብቷል። እስከ ደረቱ ድረስ ደግሞ ብርድ ልብስ ለብሷል።

«ወድቆ ቢሆንስ?» አለ ዴሾን ፒትስ። አብሮኝ የሚሠራ መርማሪ ነው፤ የፍሊንት ልጅ፣ ቀልድ የማያጣ።

«ወደቀ፤ ከዚያ ተነስቶ ጃኬቱን አጣጠፈና ብርድ ልብስ ለብሶ ተኛ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አለቃዬ። እናንተ የፊንላንድ ዘሮች እንዲህ በቀላሉ አትሞቱም ሲሉ እሰማለሁ።»

«ዱፍሬን የፈረንሳይ ስም ነው።»

«እንግዲያው ሰው ነው ያለበሰው» አለና ቀልዱን ተወ።

ሐኪሙ ሬሳውን አገላብጦ አየ። የሞተው አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው አለን። «ተገፍትሮ ይመስላል የወደቀው፤ ደረቱ ላይ ምልክት አለ። ደግሞ ወዲያው አልሞተም። አንድ ሰዓት ያህል ነፍሱ ነበረች። አምቡላንስ ቢጠራለት ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ስለዚህ የምፈልገው ሰው ገፍትሮ የጣለ፣ ትራስ ያበጀ፣ ብርድ ልብስ ያለበሰ፣ ነገር ግን ስልክ ያላነሳ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ፈልጌ አላውቅም።

*

ኬንትን ፖሊስ መኪናችን ውስጥ አስቀምጬ አነጋገርኩት። አርብ ከቀትር ጀምሮ እዚያው ሰፈሩ ከጓደኞቹ ጋር ቦውሊንግ ሲጫወት እንዳመሸ ነገረኝ፤ ስንደውል ሦስት ሰው መሰከረለት፣ አንዱ እንዲያውም እንደተሸነፈ ጨመረልን።

«ሐሙስ ዕለት ደውሎልኝ ነበር» አለ። «ስልኩን ሞተሩ ላይ አስጠግቶ አሰማኝ። አይ ድምፅ! ሚስቴ እራት ትታ መጣች።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«‹ና ውሰዳት፣ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሻለሁ› አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። ይህን ያህል የወደዳትን መኪና እየሸጠ ለምን ደስ እንዳለው ገርሞኛል።» ጣቶቹን አፍተለተለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና… ምን ትሆናለች አሁን?»

«ማስረጃ ናት።»

«አይ፣ እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ፊቱ ቀላ። ባዶ ተጎታቹን እየጎተተ ሲመለስ እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ ድምፁ ይሰማ ነበር።

*

ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ ሎይድ ሃቨርካምፕ ይኖራል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከከተማችን ጎልማሶች ግማሹን በልጅነታቸው አመላልሷል፤ እሱ ራሱ ግን አላገባም፣ ልጅ የለውም። ስናንኳኳ ወዲያው ከፈተ። ሸሚዙን ከነክራቫቱ ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ የትም ሳይሄድ ተቀምጦ ነበር።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ ላይ ጋዜጣ ተቆልሏል። ጋዜጣውን አንስቶ አስቀመጠኝ። ዴሾን ቆመ።

«ሞተ አይደል?» አለ። «አምቡላንሱ ሳይቸኩል ሲገባ አየሁ።»

«ጓደኛዎ ነበር?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ዶናት ይዤ እሻገራለሁ። እሱ ቡና ያፈላል። መኪናዋን እንነካካለን። ሌላ ምንም የለም።» ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረገ፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም። «ባለፈው ቅዳሜ ዘይት ቀየርንላት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ጉልበቴ እያመመኝ አርብ ከቤት አልወጣሁም።»

«የመጣ ሰው አላዩም? መስኮትዎ እኮ ጋራዡን ነው የሚያየው።»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

«መኪናዋን የሸጣት ለማን ይመስልዎታል?»

«ቨርጂል አይሸጣትም!» ድምፁ ድንገት ከፍ አለ። «ስንት ዓመት ነው ‹ለሽያጭ› ብሎ ሲለጥፍባት። ሰው ይመጣል፤ ሾርባ ያበላዋል፣ ያስነሳለታል፣ ሲያወራ ይውላል። ገንዘብ ሲያወጡ ‹ላስብበት› ይላል። በቃ።»

«ታዲያ ለምን ይለጥፋል?»

«ሰው እንዲመጣለት ነዋ።»

«እርስዎ አሉለት አይደል?»

ሎይድ ክራቫቱን አስተካከለ። «እኔማ አለሁ» አለ። «እኔ ጎረቤት ነኝ።»

በሩ ላይ ሲሸኘን ጋራዡን አሻግሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ያም ምስኪን ከኢንዲያና ድረስ ተጎታች ይዞ፣ ለማትነሳ መኪና…»

ሰማሁት። ግን ሐዘን ላይ ያለ ሽማግሌ ነው፣ አልኩና አለፍኩ።

*

እሑድን ከቨርጂል ስልክ ጋር ዋልን። ቢሮ መዋሉ አልከበደኝም፤ ከተፋታሁ ወዲህ እሑድ ቤቴ ውስጥ ከማቀዝቀዣው ድምፅ በቀር የሚያወራኝ የለም።

ቨርጂል መኪናዋን ለማየት የመጡትን ሰዎች ስልክ በስማቸው አልመዘገበም። «ቀዩ ካማሮ ኦሃዮ»፣ «ባለ ጢሙ ከዊስኮንሲን»፣ «ሁለቱ ወንድማማቾች» እያለ ነው የጻፈው። እኔና ዴሾን ተከፋፍለን ደወልን። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነገሩን። ሾርባ አበላን። ፎቶ አሳየን። አልሸጠልንም። ብዙዎቹ ሳይቆጡ ነው ያወሩት፤ አንዱ እንዲያውም በዓመቱ ሳይገዛ ተመልሶ ሄዶ ሾርባውን በልቶ መጥቷል።

የተቆጣ አንድ ብቻ ነበር። ሪኪ ስታምፐር፣ ባለፈው የጸደይ ወቅት ከኦሃዮ መጥቶ፣ ግቢው መሃል ቆሞ የቨርጂልን አንገት እንደሚያንቅ ምሎ የሄደ።

«ሰውዬው ተገደለ እኮ፣ ሪኪ» አለው ዴሾን።

«ወይ ጉድ! እኔ አይደለሁም።»

«አርብ ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«እስር ቤት። ቶሌዶ። ራሳችሁ አስራችሁኝ ራሳችሁ ትጠይቁኛላችሁ?»

«እኛ ሚሺጋን ነን።»

«ሁላችሁም አንድ ናችሁ» ብሎ ዘጋው።

አረጋገጥን። ታስሮ ነበር።

ከዚያ የቨርጂል ልጅ ቀረ። ጋርዝ ዱፍሬን ግራንድ ራፒድስ ይኖራል። መርዶውን በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ከአባቱ ጋር ከተነጋገሩ ዓመት እንደሞላቸው ነግሮኝ ነበር። የቨርጂል ስልክ ግን አርብ ቀትር ላይ እንዳወሩ ያሳያል። ጃኬቱና ብርድ ልብሱ ደግሞ የልጅ ሥራ ይመስላሉ። ሰኞ ጠዋት ዴሾንን ይዤ ሄድኩ።

«ለምን ዋሹኝ?» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው ነው፤ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ትንሽ ልጅ መሰለ። «መኪናዋን ልሸጣት ነው ብሎ ደወለልኝ። ያቺ መኪና የእኔ ናት፤ ገና መሪውን ሳልደርስበት ጀምሮ ‹ያንተ ናት› ሲለኝ ነው ያደግኩት። ጮህኩበት። የመጨረሻ ቃሌ…» አቆመ። «የመጨረሻ ቃሌን ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የሴት ልጄ ትምህርት ቤት የእግር ኳስ ጨዋታ ነበረው። ትራምፔት ትነፋለች። ከሰዓት ጀምሬ ሜዳው ላይ ሆት ዶግ ስሸጥ ነበር፤ ለማርሽ ባንዱ ገንዘብ እያሰባሰብን።»

አንድ ሙሉ መንደር ከእጁ ሆት ዶግ በልቷል። የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው ፎቶ እንኳ ሽርጥ ታጥቆ ያሳየዋል።

«እንግዲህ ማን ቀረን?» አለ ዴሾን ስንመለስ።

«ማንም» አልኩት።

*

ቢሮ ስንደርስ ሁለት ነገር ጠበቀን።

የመጀመሪያው መኪናዋ ናት። የጣቢያችን ልጆች ወደ ፖሊስ ግቢ ሊያመጧት ሄደው ኖሮ፣ አልነሳ ብላቸው ገፍተው ጭነው አምጥተዋታል። ባትሪዋ ሙሉ ነው፤ ቤንዚን አላት። ኮፈኗን ከፍተው የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ሲያነሱ፣ ውስጡ እየተሽከረከረች እሳቱን ለየሲሊንደሩ የምታድለው ትንሿ ሮተር የለችም። ክዳኑ በሥርዓት ተመልሶ ተገጥሟል።

«ጎማ ሳይነካ፣ ሬዲዮ ሳይነካ፣ አውራ ጣት የምታክል ፕላስቲክ ይሰርቃል?» አለ ዴሾን። «ይህ ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

«ሐሙስ ለኬንት አስነስቶ አሰምቶታል። ስለዚህ የተወሰደችው ከሐሙስ ወዲህ ነው።»

ሁለተኛዋ፣ መጠበቂያው ክፍል የተቀመጠች ሴት ነበረች። ስድሳዎቹን አጋምሳለች፤ ነጭ ጠጉሯን በአጭሩ ተቆርጣ፣ የመኪና ቁልፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ዊላ ቴዝዌል እባላለሁ» አለች። «ከማርኬት ከተማ ነው የመጣሁት፤ ከላይኛው ሐይቅ ዳር። ቨርጂል ስልክ አያነሳም። ቤቱ ላይ የፖሊስ ቴፕ አየሁ፤ እዚያ ያለው ሰው ወደ እናንተ ላከኝ።»

ማንም አልነገራትም። እንዳለችም ከእኛ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ቁልፉን ብቻ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መልሳ አወጣችው።

«ወንድሜ መኪናዋን ሊያይ በሰኔ ሲመጣ አጅቤው ነው የመጣሁት» አለች በመጨረሻ። «ወንድሜ አልገዛም። ቨርጂል ግን በማግስቱ ከጋራዡ የግድግዳ ስልክ ደወለልኝ። ከዚያ በየቀኑ። ክረምቱ ሳይገባ ጠቅልሎ ሊመጣ ነበር እኔ ጋ።»

«ለዚህ ነው መኪናዋን የሸጣት?»

«‹ይዘሃት ና› ብዬው ነበር። እምቢ አለ። ‹እሷን ያቆየኋት ሰው እንዲመጣልኝ ነው፤ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም› አለ።» አሁን ድምፏ ተሰበረ። ጠበቅናት።

«ይህን ለማን እንደነገረ ያውቃሉ?»

«ለልጁ አርብ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር። ለጎረቤቱ ሐሙስ ነግሮታል። ለሎይድ። እሱን መንገር ነው የከበደኝ ይለኝ ነበር፤ እኔም ስቄበታለሁ። ‹ምን አለ?› ብለው፣ ‹መልካም ብሎ ወደ ቤቱ ገባ› አለኝ።»

ዴሾን አየኝ። ሎይድ ከቅዳሜ ወዲህ አላየሁትም ብሎን ነበር። ቨርጂል አይሸጣትም ብሎም ምሎልናል። ያን ጊዜ ነው በሩ ላይ ያለው ነገር ጆሮዬ ላይ የደወለው። ለማትነሳ መኪና። ያን ቅዳሜ ጠዋት ቁልፏን የነካ ሰው አልነበረም። እንደማትነሳ ኬንት አያውቅም፤ እኛም አናውቅም ነበር።

*

ሎይድ እንደዚያው ክራቫቱን አስሮ ከፈተልን። ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ተመልሶ ተቆልሏል።

«አቶ ሎይድ» አልኩት፣ «መኪናዋ እንደማትነሳ በምን አወቁ?»

አላንገራገረም። እጁን ሸሚዙ ኪስ ከቶ ትንሿን ቡናማ ሮተር አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ በመሃላችን አስቀመጣት። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቱ ላይ ይዟት ከርሟል።

«አርብ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ገብቼ ነው የፈታኋት» አለ። «ሰውዬው ይመጣል፣ አልነሳ ስትለው ትቷት ይሄዳል። ከዚያ በረዶ ይጥላል። በረዶ ከጣለ ወዲያ ማን ማርኬት ድረስ ይነዳል? እስከ ጸደይ ይረሳዋል ብዬ ነው።»

«እሱ ግን ያንኑ ዕለት ሊያስነሳት ሞከረ።»

«ጠራኝ። ስሻገር ኮፈኗን ከፍቶ ቆሟል። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሳቀ። ‹አምጣት፣ ሎይድ› ብሎ መዳፉን ዘረጋልኝ።» ሎይድ የራሱን መዳፍ ዘርግቶ አየው። «ቅዳሜ ቅዳሜ እኔስ ምን ላድርግ? አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እሱ ደግሞ ‹የራስህን መኪና ግዛና ለሽያጭ ለጥፍባት› አለኝ። ለቀልድ ነው። ለቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ መርማሪ። ገፈተርኩት።»

ዴሾን ከበሩ ጋ አልተንቀሳቀሰም።

«ስልክ ለምን አልደወሉም?» አልኩት። ከሁሉ በፊት ማወቅ የፈለግሁት ይህን ነበር።

በመስኮቱ ወደ ጋራዡ አየ። ከውጭ የአንድ ልጅ ብስክሌት አለፈች።

«ዓይኑ ተገልጦ ነበር። እጄን ያዘ። ስልኩም አጠገቤ ነበር፤ ግድግዳው ላይ። ግን ከደወልኩ ይወስዱታል። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ልጁ ጋ፣ ከዚያ እሷ ጋ። ከዚያ ግቢ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ትንሽ እንቆይ አልኩ። ብርድ ልብስ አመጣሁለት። ስለ አውቶቡሱ አወራሁለት፣ ድሮ በረዶ ላይ ተንሸራትተን ቦይ የገባን ጊዜ። የሚሰማኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ብቻ፣ ከዚያ እደውላለሁ ስል…» እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። «ቀዘቀዘ።»

*

ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ። ማቆያ ክፍሉ እስኪዘጋጅ ድረስ መጠየቂያው ክፍል ውስጥ አስቀመጥነው። ጋርዝ ጋ ደወልኩ፤ ስለ መኪናዋ ምን እንደሚያደርግ ስጠይቀው «ዓይኔ እንዲያያት አልፈልግም» አለ።

ዊላን ሞቴል ሄጄ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ብቻውን ነው የሞተው?»

«አይደለም» አልኳት። «አጠገቡ ሰው ነበር።»

ይህ የሚያጽናናት ይሁን የሚያቆስላት እኔም አላወቅሁም፤ እሷም ያወቀች አይመስለኝም። በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ጣቢያ የተመለስኩት ኮቴን ሳላወልቅ ሰነዱን ቆልፌ ወደ ቤቴ ልሄድ ነው። በመጠየቂያው ክፍል መስታወት ሳይ ዴሾን ለሎይድ የቱርክ ሥጋ ሳንድዊችና ወተት ገዝቶለታል። ሎይድ ወረቀቱን ፈቶ፣ በሥርዓት አንጥፎ፣ ሳይነካው ተቀምጧል። ለመሰናበት አንገቴን አስገባሁ።

«ሄዱ?» አለኝ።

«ሥራዬ አልቋል። ይብሉ እንጂ።»

«ብበላ…» አለና ወደ ዴሾን፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። ሽማግሌ ሲያፍር ማየት ከባድ ነው። «እስክጨርስ ይቀመጣሉ?»

ዴሾን ከተቀመጠበት ተነሳ። ወለሉን እያየ በአጠገቤ አልፎ ወጣ፤ በሩን ክፍት ተወው።

ቤቴ ውስጥ የሚጠብቀኝን አሰብኩ። ከዚያ ኮቴን አውልቄ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀልኩና ከፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሎይድ ሳንድዊቹን በጣቶቹ በትንሽ በትንሹ እየቆረሰ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ መብላት ጀመረ።